ጉልበታችሁን እቀፉ

ከሮላው ሱፐርማርኬት፣ ከአሥር ኪሎ ሩዝ ጋር
ዕጣ ወጣልንና መርከብ ልንሳፈር፣
አባባ ሦስት ቀን ኩፖኑን በኪሱ አዞረው፤
ለማንም ሳይነግር፣ ታክሲው ውስጥ አሳደረው።
በአራተኛው ቀን ስልክ ደወለና
«ስንት ናችሁ?» አሉት፤ በጣቱ ቆጠረና
«ሰባት» አለ ቀስ ብሎ፣ ጥፋት እንዳለበት።
«ክፍሉ የስድስት ነው፤ ሕፃን ካለች ግን ትንሽ አልጋ አለ» አሉት።
ኢልሃም ሕፃን ሆነች፤
ሦስት ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ሲቀራት፣ ዕድሜዋን ረሳንላት።

ለመጣበብማ እኛን ማን ያስተምረናል?
ሻርጃ አንድ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አልፎናል፤
መጋረጃ ለእናቴ፣ ፍራሽ ለእኛ፣ ለአያቴ የብረት አልጋ፣
ከኮምፔንሳቶው ወዲያ የጎረቤት ሳል እየቀሰቀሰን ሲነጋ።
ረምዚ ሲገላበጥ ሰልማን ይገለበጣል፤
በእንቅልፉ ውስጥ እንኳ እግር ለእግር ቦታ ይሰጣል።

ወደብ ስንደርስ ጥር ነው፣ ነፋሱ ልብስ ያነሣል፤
ሌላው ሰው አንድ ሻንጣ በጎማ ይጎትታል፣
እኛ አምስት ፌስታል። አያቴ ሐዋ የዉዱእ ጆጓን ጉያዋ ውስጥ ይዛ
ፈታሹን አለፈች፣ በምርቃት አፍዝዛ።

ካቢኑ ሲከፈት ሁላችን በር ላይ ቆምን፤
አንዱ እንዲገባ አንዱ መውጣት ያለበት መሰለን።
አልጋ ከጣሪያ ወረደ፣ እንደ መሳቢያ ተስቦ፤
ረምዚ አንዱን ያዘ፣ ሰልማን ሌላውን፣ ተሳድቦ።
ለእኔ ከግድግዳው ወጣልኝ አንድ ጠባብ ሳንቃ፣
እግሬ የአያቴን ሶፋ የሚነካ፣ ስትነሣ የምነቃ።
ትልቁ አልጋ መሐል ፎጣ ተጠምዝዞ፣ ዝሆን ሆኖ ተቀምጧል፤
«ስምንተኛው ማነው?» አለች አያቴ፣ «ይሄስ የት ይተኛል?»
ሊፈቱት ሲሉ ሰልማን አልቅሶ ተቆጣ፤
ዝሆኑ በክብር ፍሪጇ ራስ ላይ ወጣ።

ማታ፣ የዱባይ መብራት ከኋላ ቀርቶ፣ መርከቡ ሲታጠፍ
አያቴ ትሰግዳለች፤ ረምዚ ቂብላውን በስልኩ እያየ
ምንጣፏን ያዞራል፣ ሳትሰማ፣ በጫፍ በጫፍ።

«አባባ፣ ሰባት ሰው ለመርከብ ይበዛል?» ሰልማን ጠየቀው።
አልመለሰለትም። ከአልጋው ወርዶ ወለሉን በእጁ ጠረገው።
«ኑ» አለን፣ «ጨዋታ ነው። ቁጭ በሉ። ጉልበታችሁን እቀፉ።
የኋለኛው ደረት ከፊተኛው ጀርባ። ያቅለሸለሸው
ጉያው ውስጥ ነው፤ ጎረቤት ላይ እንዳትተፉ።
እግር መዘርጋት የለም፤ ብድግ ማለት የለም፤
አንድ ሰው ከቆመ...» አለና፣ ዝም።

ሳቅን። ከበሩ እስከ ሶፋው አራት እርምጃ አይሞላም፤
አባባና ሦስት ልጅ ሩቡን እንኳ አልያዝንም።
«እንዲህ ሲሆን» አለ፣ «ይሄ ክፍል አርባ ሰው ይይዛል።»
«አርባ!» አለ ረምዚ፣ «ኧረ አየር ያልቃል!»
አባባ ወደ ላይ አየ።
«ጣሪያ ከሌለው አያልቅም።»
እናቴ ኢልሃምን አቀፈች፤ አልሳቀችም።

ተኝታለች ያልናት አያቴ፣ ከሶፋው፣ በጨለማ፣
«ስንት ሆናችሁ ወረዳችሁ?» አለች።
ማንም እንዳልሰማ
አባባ ተነሥቶ የኢልሃምን ብርድ ልብስ አስተካከለ፤
«ተኙ» አለ። «ነገ ኸሰብ እንገባለን፣ ተራራ አለ።»

ሌሊት ነቃሁ። በትልቁ አልጋ ላይ እናቴ ጠርዝ ይዛ ተኝታ
የሰፋ ቦታ አለ፤ ማንም ያልነካው፣ ያልተጨማደደ አንሶላ።
አባባ ወለሉ ላይ ነው፣ ከበሩ ሥር፣
ጉልበቱን አቅፎ፣ ከፊቱ ያለ ጀርባ የነካ ይመስል ነበር።

ጠዋት ረምዚ ወለሉን በስንዝር ለካ፤ ተንበረከከ፣ ደመረ፣
ፌስታል ገፋ፣ ጫማ አነሣ፣ እንደገና ቆጠረ።
«ሠላሳ አንድ ሰው ነው የሚይዘው፤ አባባ ተሳስቶ ነበር።»
እናቴ የኢልሃምን ካልሲ እያጠለቀች፣ ቀና ሳትል፣
«አልተሳሳተም» አለች። «ሰዉ ከስቶ ነበር።»